ተያዥ የሌለውን ሰው ቀጥራችሁ ታውቃላችሁ? (ደሴ እና ኮምቦልቻ)

የፒያሳዋ ዳቦ ጋጋሪ — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። የሌሊት ሠራተኛዬ ባለፈው ወር ወደ አዲስ አበባ ስለሄደብኝ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የመጨረሻዋን መስመር እንደ ሁሉም ሰው ሳላስብባት ነው የጻፍኳት፦ «አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የሚችል»።

ሰባት ሰው መጣ። ከሰባቱ ሥራውን የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። ያቦካሁትን ሊጥ በጣቱ ጫን አድርጎ አየና «ውሃው በዝቶበታል፤ ለዚህ ብርድ ደግሞ እርሾው አንሷል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ነው፤ እዚያ ዳቦ ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ ይላል። አሁን ከሚስቱ እና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሆጤ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቷል። በእጁ ያለው ወረቀት የተፈናቃይነት ማረጋገጫ ደብዳቤ እና ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ ነው። ተያዥ ስለው ዝም አለ። ቆይቶ «እኔን የሚያውቁኝ ሰዎች እንደ እኔው ተያዥ የሌላቸው ናቸው» አለ።

ችግሩ ሌሊት መጋዘኑ በእጁ ነው የሚያድረው። ፉርኖ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ እርሾ። ባለቤቴ «በፍጹም አይሆንም» ብሏል። እናቴ ደግሞ «ሰው በወረቀት ነው እንዴ የሚታወቀው?» ትላለች፤ ዱቄቱን የገዛችው ግን እሷ አይደለችም። የሞከራችሁት ካላችሁ ምከሩኝ።

መለዋወጫ ሸዋ በር — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4:15

እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። አትቅጠሪው።

የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። በ2011 አንድ ትሑት ልጅ ቀጠርኩ፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ። በስምንተኛው ወር 84 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ ይዞ ጠፋ። በ2014 ደግሞ ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ ሸሽቼ ነበር፤ ስመለስ ሱቁ ባዶ ነው። ዕቃውስ ይሁን፣ መደርደሪያውን እንኳ ነቅለው ወስደውታል። ከሁለት ወር በኋላ የራሴን መደርደሪያ በማላውቀው ሰው በረንዳ ላይ ጫማ ተደርድሮበት አየሁት። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ቢጤ ሰው «እመን» ማለት ቀልድ ነው።

ተያዥ የሚፈለገው ለክፋት አይደለም። ሰው ሲጠፋ የማንን በር እንደምታንኳኪ ማወቅ አለብሽ።

ዓለሚቱ የሐይቋ — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4:32

ወንድሜ፣ ለጉዳትህ አዝናለሁ። በ2011 የጠፋው ልጅ ግን ተያዥ ነበረው ወይስ አልነበረውም?

መለዋወጫ ሸዋ በር — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 5:02

ነበረው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጥቶ ነበር። ሄጄ ስጠይቅ ደብዳቤውን የጻፈው መሥሪያ ቤት በዚያ ስም የሚጠራ ሠራተኛ ኖሮት አያውቅም። ይህን ስለጠየቅሽኝ አላመሰግንሽም።

ሁለተኛ ፈረቃ — ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 7:20

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። የእኛን ልምድ ልንገራችሁ።

ለስፌት ሠራተኞች ተያዥ አንጠይቅም። ብንጠይቅ ኖሮ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ ጀምሮ ማሽኖቹ ፊት የሚቀመጥ አይገኝም ነበር። ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ የማንን ደመወዝ ታስይዛለች? ለንብረት ክፍል፣ ለገንዘብ ያዥ እና ለሹፌር ግን እንጠይቃለን። ስፌት መስመር ላይ የተቆረጠው ጨርቅ ተቆጥሮ ይገባል፣ ተሰፍቶ ተቆጥሮ ይወጣል፤ የጎደለ ካለ ማታውኑ ይታወቃል። ንብረት ክፍል ውስጥ ግን አንድ ሰው ብቻውን ከበር ጀርባ ነው። ተያዥ የምንጠይቀው ማየት ስላልቻልን ነው እንጂ ሰውየው ስለከፋ አይደለም። ስለዚህ እህቴ፣ ስለ ሰውየው ከመጨነቅሽ በፊት ስለ መጋዘንሽ አስቢ። 100 ኪሎ ዱቄት ውሃውን ጠጥቶ ከምድጃ ሲወጣ 130 ኪሎ ገደማ ዳቦ እንደሚሆን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ማታ መዝነሽ ከሰጠሽው፣ ጠዋት ዳቦው ራሱ ይመሰክራል።

ሌላም አለ። አምና ከመጠለያ የመጡ ሴቶች ቀጠርን። በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ በምሳ ሰዓት ቦርሳዋን ይዛ ወጥታ በዚያው ቀረች። የመስመር ኃላፊው ወዲያው መቀስ እና ክር ማስቆጠር ጀመረ። ምንም አልጎደለም። ደውዬ ሳገኛት «የመጀመሪያው ወር ደመወዝ አይከፈልም ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ። ወሬ ነው፤ ግን አጠገቧ ቁጭ ብሎ የደመወዝ ቀኗን የነገራት ሰው አልነበረም። ቅጥሩን ስታስፈርም የነበረችው ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ገቢዎች የመጀመሪያውን 15 ቀን ለይተን በጊዜው መክፈል ጀመርን። ሳይነግሩ መጥፋቱ በጣም ቀነሰ።

በዚህ ላይ ሥራ ሞልቷል ብዬ እንዳልዋሽ፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል ከወጣች ወዲህ የአሜሪካ ትእዛዝ የነበራቸው ፋብሪካዎች እንደ ድሮው አይቀጥሩም።

ከጂዳ መልስ — ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2:05

ጂዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የእመቤቲቱ የወርቅ ሳጥን ቁልፍ እኔ ጋር ነበር፤ ሰርግ ስትሄድ የትኛውን እንደምታደርግ የምመርጥላት እኔ ነበርኩ። በ2006 ከሳውዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ሆኜ በአንድ ሻንጣ ደሴ ገባሁ። እዚህ አንድ ካፌ የሒሳብ መቀበያ ላይ ልቀመጥ ብዬ ስጠይቅ «ተያዥሽ ማን ነው?» አሉኝ። ለስድስት ዓመት የላክሁት ገንዘብ ቤት ሠርቷል፣ ወንድሜን አስተምሯል፤ ቤቱ በአባቴ ስም፣ ወንድሜ ገና ሥራ የለው። ማንን ላምጣ?

ነገር ግን ጂዳም ታምኜ ነበር ማለቴ አይደለም። ፓስፖርቴን የያዙት እነሱ ነበሩ። ቁልፉን የሰጡኝ መሄጃ እንደሌለኝ ስለሚያውቁ ነው። ይህ የገባኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እዚህም መታወቂያ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፉ ቀጣሪዎች አሉ፤ እባካችሁ እሱን መተማመን አትበሉት።

ሥራ ያገኘሁት በእቁብ ነው። ሰፈር ውስጥ ትንሽ የሴቶች እቁብ ገባሁ፤ እንጀራ እየሸጥኩ በየሳምንቱ ጣልኩ። ዕጣው ገና በሁለተኛው ሳምንት ደረሰኝ። የእቁብ ሰው የሚታወቀው ከወሰደ በኋላ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳላጓድል ጣልኩ። ሰብሳቢያችን ጨርቅ መደብር አላት። እቁቡ ባለቀ ማግስት «ነይ እኔ ጋር ተቀመጪ» አለችኝ። ተያዥ አልጠየቀችኝም። ስትጠይቀኝ የከረመችው በየሳምንቱ ነበር።

ግማሽ ጠበቃ — ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 4:10

ሥራዬ ሕግ ስለሆነ ሁለት ሦስት ነገር ጣል ላድርግ።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 ላይ ዋስትና በግልጽ የሚሰጥ እንጂ በግምት የሚታሰብ አለመሆኑን፣ ዋሱም እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ በውሉ ላይ ካልተወሰነ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። እኔ ዘንድ ከሚመጡት የተያዥ ወረቀቶች ብዙዎቹ «ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ተጠያቂ ነኝ» ብቻ ይላሉ። ቀጣሪው ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልሎ በካዝና ያስቀምጣል፤ ክርክር ሲመጣ ባለ ወረቀቱ ራሱ ላብ ያሰምጠዋል።

በሥራ አዋጁ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በጽሑፍ አድርጊውና ሰውየውን በሥራው እይው፤ ለዚህ ነው የተቀመጠልሽ። ሲለቅም የሥራ ዓይነቱን፣ የቆየበትን ጊዜ እና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ልትሰጪው ይገባል። ይህቺ ወረቀት ለእናንተ ቁራጭ ናት፤ ከሀገሩ ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ግን በዚህ ከተማ የመጀመሪያዋ ምስክር ናት።

መታወቂያውን በተመለከተ፣ የፋይዳ ምዝገባ ካደረገ በጣት አሻራው እና በዓይን ብሌኑ ማንነቱ ይታወቃል። ያ ማለት ስሙን አልቀየረም ማለት ነው እንጂ ታማኝ ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱን አናደባልቅ። ተፈናቃዩ ዜጋ ስለሆነ ለመሥራት የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከሌላ ሀገር የመጣ ስደተኛ ቢሆን ነበር አዋጅ 1110/2011ን የምንገልጠው።

የአምባሰል ልጅ ከወለጋ — ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 1:50

ይህን የማነብበው በተውሶ ስልክ ነው፤ ስለዚህ ብዘገይ አትታዘቡኝ።

አባቴ የአምባሰል ሰው ነው። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይ እና ከሰሜን ሸዋ ተጭነው ወደ ምዕራብ እና ደቡብ ምዕራብ ከሰፈሩት 600 ሺህ ገደማ ሰዎች አንዱ ነው። እኔ የተወለድኩት ወለጋ ነው። እዚያ «ወሎዬው» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ሐይቅ ከተማ አጠገብ መጠለያ ስገባ ደግሞ «ወለጌው» ሆንኩ። የአባቴ ያጎት ልጆች ከመጠለያው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ አሉ። ሄጄ አየኋቸው፤ ቡና አፈሉልኝ፣ አለቀሱልኝ። ተያዥ ሁኑኝ ለማለት ግን አፌ አልተላቀቀም። እነሱም በሬ እንጂ ደመወዝ የላቸውም።

ዳቦ ቤት የመጣው ወንድማችን ተያዥ ስትይው ዝም ያለው ሰው ስለጠፋው ብቻ አይመስለኝም። እኔ ጊምቢ ሳለሁ የእህል መጋዘን ነበረኝ፤ ለሦስት ልጆች ተያዥ ሆኜ ፈርሜያለሁ። ትናንት የሰው ተያዥ የነበረ ሰው ዛሬ ተያዥ አምጣ ሲባል መልሱ ወዲያው አይመጣለትም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ኮምቦልቻ አንድ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ሳራግፍ 11 ቀን ሠራሁ። መጀመሪያ መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። ሲያልቅ «ነገ ና» አሉኝ። ነገ ስሄድ «አለቃው የሃረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሄዷል»። በሦስተኛው ቀን መታወቂያዬን ብቻ መለሱልኝና ሂድ አሉኝ። ክስ ለማቅረብ መሥራቴን የሚመሰክር ሰው የለም፤ አብረውኝ የነበሩት ተበታትነዋል። በዚህ ውይይት ውስጥ ሁላችሁም ሠራተኛው እንዴት እንደሚታመን ነው የምትነጋገሩት። ቀጣሪው ቢጠፋ እኛ የማንን በር እናንኳኳ?

መለዋወጫ ሸዋ በር — ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2:30

የአምባሰሉ ወንድሜ፣ የ11 ቀን ላብህን የበላ ሰው የእኔን መደርደሪያ ከወሰደው አይሻልም። ይህን እፈርማለሁ።

ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ሐዘኔታ ሌላ፣ ቁልፍ መስጠት ሌላ። ሰውየው ምስኪን ስለሆነ ታማኝ ነው የሚለው አነጋገር እንደ ስድብ ነው የሚሰማኝ፤ ለእሱም ጭምር። ድሀ ሁሉ ሌባ አይደለም፣ ድሀ ሁሉ ጻድቅም አይደለም።

የአምባሰል ልጅ ከወለጋ — ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2:41

በዚህ እስማማለሁ። እኛም ጻድቅ በሉን አላልንም።

የቅሬ ጸሐፊ — ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 3:00

ዕድሜዬ 71 ነው፤ እኔ እየተናገርሁ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። በወሎ እድሩን ቅሬ እንለዋለን። የእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አራት ተፈናቃይ አባወራዎች «አስገቡን» ብለው መጡ። ችግሩ መግቢያው ነው። አዲስ ገቢ የቅሬውን ድንኳን፣ ድስት፣ ወንበር እንደ ነባሩ ስለሚገለገልበት ቆጥሮ መግቢያ ይከፍላል፤ እነሱ ደግሞ የሚከፍሉት የለም። ሦስት ስብሰባ ተጨቃጨቅን። አንዱ አባላችን «ነገ መንግሥት ሲመልሳቸው በድንኳናችን ይሄዳሉ» አለ። ድንኳን ተሸክሞ የሚሄድ ተፈናቃይ የት እንዳየ እንጃ። በመጨረሻ መግቢያውን በዓመት ከፋፍለው እንዲከፍሉ ተስማማን። አንዱ ወጣ፣ ሦስቱ ቀሩ።

በዚያው ክረምት ለቅሶ መጣ። ዝናብ ነው፣ ሌሊት ነው፣ አፈሩ ጭቃ ነው። ወጣቶቻችን ግማሹ አልመጡም። እነዚያ ሦስቱ ጉድጓዱን ቆፍረው፣ ድንኳኑን ተክለው፣ እስከ ሠልስት ውሃ ቀዱ። ከዚያ በኋላ ስለ መግቢያ ያነሣ ሰው የለም።

ዛሬ ቀጣሪ ሲጠይቀን ሊቀመንበሩ የሚያውቀውን ይናገራል፦ ስንት ጊዜ ለቅሶ ቀረ፣ ወርኀዊውን ከፈለ ወይስ አልከፈለም፣ ሰክሮ ተጣልቶ ያውቃል ወይ። ብር ግን አናስይዝም፤ የቅሬው ገንዘብ የሟች ነው። ሁለቱ በዚህ መንገድ ሥራ ገብተዋል። አንደኛው የጥበቃ ሥራ ይዞ በወሩ ጥሎ ሄደ፤ አሳፍሮናል፤ ያንንም ለሚጠይቀን አንደብቅም። ልጄ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሰውየው ሆጤ ከሆነ የሚኖረው፣ እዚያ ካሉት ቅሬዎች አንዱ ሳያውቀው አይቀርም። ወረቀት አትጠይቂያቸው። ሄደሽ ቡና ጠጪ።

ስሜ ይቅር — ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 9:25

አባቴ፣ ምክርዎ መልካም ነው። ነገር ግን ቅሬው መስካሪ ሲሆን አዲስ መጤው የቅሬው እስረኛ እንዳይሆን ያስቡበት። በእኛ ሰፈር አንድ ሽማግሌ «እኔ ነኝ ያስገባሁህ» እያሉ ልጁን እሑድ እሑድ ግቢያቸውን ሲያስጠርጉት አይቻለሁ።

ሌላው ደግሞ ሁሉም የሚያውቀውና ማንም የማይጽፈው ነገር ነው። ተያዥ ይሸጣል። እኔ ራሴ ከአምስት ዓመት በፊት ሥራ ስይዝ ለአንድ ደላላ ከፍዬ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ሰው ተያዥ ሆኖኛል። ቀጣሪዬ ደስ ብሎት ተቀበለ። እስከ ዛሬ አንድ ብር አላጎደልኩም፤ ተያዤን ግን መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም።

የፒያሳዋ ዳቦ ጋጋሪ — ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 4:00

ሁለት ወር ጠፋሁ፤ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሆጤ ሄጄ ቡና ጠጣሁ። የሰውየው አከራይ እማማ «ኪራይ አሳልፎ አያውቅም፤ ኩርፊያ ግን ያበዛል» አሉኝ። ከሁሉም ያሳመነኝ «ኩርፊያ ያበዛል» የሚለው ነው፤ ለማሞገስ የተዘጋጀ ሰው እንደዚያ አይልም። ቀጠርኩት። የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ አደረግን፣ የደመወዝ ቀኑንም በዚያው ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። መታወቂያውን አልያዝኩም። ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም።

ማታ ማታ ዱቄቱን በሁለታችን ፊት መዝነን፣ ጠዋት ዳቦውን እንመዝናለን። መጀመሪያ ላይ አፍሬ ነበር፤ እንደ ሌባ የቆጠርኩት እንዳይመስለው። እሱ ግን ደስ ብሎት በደብተሩ ይጽፋል፤ «እኔም ነገ የሚያሳየኝ ነገር ይኖረኛል» አለ። ዳቦው ተሻሽሏል። የጠዋት ደንበኞች ጨምረዋል።

ከዚያ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስድስት ፓኬት እርሾ ጠፋ። እርሾውን ለካ አንመዝነውም ነበር። መጋዘኑ ውስጥ የሚገቡት እሱ፣ የባለቤቴ እህት ልጅ እና እኔ ነን። ድሮ ቢሆን መልሱ ያለቀለት ነበር፤ ተያዥ የሌለው ይወጣል። ሦስታችንን ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ማንም «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አላለም፣ እኔም ማንንም አልጠረጠርኩም ብል እዋሻለሁ። የወሰደው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አይጥ ነው እንዳልል ወረቀቱም የለም። ሁለቱም አብረውኝ እየሠሩ ነው። እርሾው ግን አሁን በቁጥር ነው የሚወጣው፤ እኔም ስወስድ እፈርማለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሚስቱን ወንድም እንድቀጥርለት ጠየቀኝ። «ገና ነው» አልኩት። ሁለት ቀን አኮረፈ፤ እማማ ውሸት አልተናገሩም።

60ው ቀን በጥር መጀመሪያ ይሞላል። ያኔ ቁልፉን ልሰጠው አስቤአለሁ። እስካሁን ሌሊት የሚከፍትለት ባለቤቴ ነው፤ በዚህ ብርድ ከአልጋ እየተነሣ ሲያጉረመርም ከሁላችን በፊት «ስጪው እና ልተኛ» ማለት የጀመረው እሱ ነው።

መለዋወጫ ሸዋ በር — ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 4:35

እርሾው የእህት ልጅ ሥራ ነው። ግን ማን ይሰማኛል።

የአምባሰል ልጅ ከወለጋ — ታኅሣሥ 21፣ ከጠዋቱ 1:15

እህቴ፣ ሁለቱንም በማቆየትሽ ደስ ብሎኛል። እኔም ሐይቅ ላይ አንድ ወፍጮ ቤት ይዣለሁ። ሒሳብ በየዕለቱ ማታ ነው፤ ይሻለኛል።

የፒያሳዋ ዳቦ ጋጋሪ — ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 3:10

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። አንድ ጥያቄ ለሁላችሁ፦ የእኛ ሚዛን በትንሹ ያጋድላል፤ ሰኞ ገበያ በኩል ከአንድ ኩንታል በላይ በትክክል የሚመዝን የት ይገኛል?

መለዋወጫ ሸዋ በር — ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 3:22

እኔ ሱቅ አለ። አዲስ ነው። ዋጋው በግድግዳ ላይ ተጽፏል፣ ነይና በራስሽ ድንጋይ መዝነሽ ግዢ።